ፕሮጀክተር ያሰረ ሰው

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፍ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ከበረደ በኋላማ ማንም ሰው ጨዋ ነው። እኔ ገና ጨዋ አይደለሁም። አንገቴ ከጣሪያ ጋር ሲታገል ውሎ ዛሬም አልዞር ብሏል፤ ጥፍሬ ውስጥ የብረት ዱቄት አለ፤ ቡና ልጠጣ ብወጣ ሰው ሁሉ «እንዴት ነህ? ታሳሪው ደህና ነው?» ይለኛል። ታሳሪው ማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ አትቸኩሉ፤ እኔም ስቸኩል ነው እዚህ የደረስኩት።

ሥራዬ ሮቤ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ የድምፅና የምስል መሣሪያዎችን ማንቀሳቀስ ነው። ስሙን ብጠራው ተቋሙ ይታማል፤ ጥፋቱ ግን ከኔ ራስ የወጣ ነው። ሰው ይህን ሥራ ሶኬት መሰካት ይመስለዋል። እኔ ግን የምለፋው ከሶኬት ጋር ሳይሆን ከተማረ ሰው ጋር ነው። የተማረ ሰው ማይክ ስትሰጡት መጀመሪያ ይደበድበዋል። ከዚያ እንደ ትኩስ ሻይ እፍ ይልበታል። ከዚያ «ይሰማል?» ብሎ ይጠይቃል። የማይሰማው ሰው ጥያቄውን በምን ሰምቶ ይመልስለት? ከኋላ ያሉት እጃቸውን ሲያወዛውዙ ደግሞ ወደ እኔ ይዞርና ጠላቱ እንደሆንኩ ያየኛል። «እኔ ድምፄ ወፍራም ነው፣ ማይክ አልፈልግም» የሚል ደግሞ አለ። እሱ ለገዛ ክራቫቱ ያንሾካሹክና ሲጨርስ ይጨበጨብለታል፤ ያጨበጨቡት ስለጨረሰ ነው።

ከሪሞቱ ላይ ባትሪ አውጥቶ የቢሮውን የግድግዳ ሰዓት የሚያስኬድም ሰው አለን። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ስብሰባው ይቆማል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱም እንደማውቅ ያውቃል፤ ጠዋት ጠዋት እንሳሳማለን።

ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው ውሰት ነው። በኛ አገር ሠርግ አሁን ያለ ፕሮጀክተር አይደገስም። ድንኳኑ ውስጥ ነጭ አንሶላ ይወጠርና የሙሽሮቹ ፎቶ ይለቀቅበታል፤ የሙሽራዋ አፍንጫ የበሬ ያህል ሆኖ ሲታይ ዘመድ ሁሉ እልል ይላል። ፕሮጀክተሩ ከየት መጣ? ከአዳራሻችን ነዋ። ማን አመጣው? ኦቦ አማን። ኦቦ አማን የኮሌጃችን ዲን ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፤ ዘመዳቸው ብዙ ነው፤ ዘመዳቸውም ማግባት ይወዳል።

«ማሎ፣ እባክህ፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነው» ይሉኛል ትከሻዬን ይዘው። «ነገ ጠዋት ይመለሳል፣ ኢንሻአላህ።»

አለቃዬ ናቸው፤ እምቢ አልልም። ንብረቱ የተመዘገበው በኔ ስም ነው፤ እሺ ማለትም ያስፈራኛል። ስለዚህ እሺም እምቢም ሳልል እስቃለሁ። ሳቄን እሺ ብለው ይተረጉሙታል። ፕሮጀክተሩ ጎባ ሄዶ ሆዱ ፈንዲሻ ሞልቶ ይመለሳል። ደሎ መና ሄዶ ማርና ጉንዳን ይዞ መጥቷል፤ ሳበራው አዳራሹ በሙሉ ማር ማር ሸተተ፤ የመንግሥት እንግዶች ነበሩ፤ «ምን ዓይነት ሽቶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አንድ ቀን ንዴቴ ሞልቶ ፈሰሰ። ፕሮጀክተሩን ጣሪያ ላይ ሰቅዬ በብረት ሳጥን ላሳስረው ወሰንኩ። ለኦቦ አማን «ለሌባ ነው» ስላቸው «ጎሽ፣ እንዲህ ነው ሠራተኛ» አሉኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እኔ ነኝ፤ እሳቸውን ፈርቼ ብረት ላስር ሄድኩ።

ሸምሱ ገበያው አጠገብ የብየዳ ቤት አለው። አባቱ ከስልጤ ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። የከተማውን በር ግማሹን የበየደው እሱ ነው፤ የሸምሱ በር ከሩቅ ይታወቃል፤ መሃሉ ላይ ሁልጊዜ የብረት አበባ አለ።

«መዝጊያውን በየት በኩል ላውጣው?» አለኝ መሰላሉ ላይ ሆኖ።

«መዝጊያ አይኖረውም።»

«መዝጊያ ሳይኖረው?»

«መዝጊያ ካለው ቁልፍ አለው። ቁልፍ ካለው እኔ ጋ ነው። እኔ ጋ ከሆነ እጠየቃለሁ። ዙሪያውን ብየደውና እንገላገል።»

ሸምሱ ጥቂት አሰበ። «ወላሂ ብልህ ሰው ነህ» አለኝ። እንዲህ ያለኝ ሰው በሕይወቴ ስላልነበረ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን አይቶ ደግሞ ፊት ለፊቱን በተጨማሪ ፌሮ አጠናከረልኝ። ሲጨርስ የብር ቀለም ቀባውና ወርዶ አሻቅቦ እያየ ኮራ። እኔም ኮራሁ። ሞክረኸዋል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ሞክሬዋለሁ። በዱላ ጫፍ ማብሪያውን ነካሁት፣ በራ። መስኮቶቹ መጋረጃ አልነበራቸውም፣ ፀሐይ አዳራሹን ሞልቶታል፣ ግድግዳው ላይ የሆነ ሰማያዊ ነገር ታየኝ። በቃ፣ ይሠራል አልኩ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉ የለ? የኔዋ ላም በሰማይ ታስራ በሬን ዘግቼ ሄድኩ።

አሁን ወደ ሰዓዳ ልምጣ። ሰዓዳ ሚስቴ ናት። ጎባ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ክረምት ክረምት ደግሞ እኔ በምሠራበት ግቢ ማስተርሷን ስትማር ነበር። የመመረቂያ ጥናቷ በስንዴ ዋግ ላይ ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ ቢጫ ዋግ የሚባለው በሽታ ስንዴውን ሲይዘው ቅጠሉ ላይ እንደ ልብስ ስፌት ተሰልፎ መስመር በመስመር ይሆናል። መስመሩ ከታየ በኋላ ገበሬው ቢረጭም ባይረጭም ብዙ ጊዜ መሽቶበታል። ሰዓዳ ያጠናችው መስመሩ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ነው፤ ጤነኛ የሚመስለውን ቅጠል ከእውነተኛው ጤነኛ በምን መለየት እንደሚቻል። ልጃችንን አዝላ በየማሳው እየተንበረከከች ፎቶ አንስታለች። እኔ ስለ ጥናቷ የማውቀው ፎቶ እንዳለበት ብቻ ነበር።

የዲፌንሷ ቀን፣ ጥናቷን ፈታኞች ፊት የምታቀርብበት፣ ሲቃረብ «ፎቶዎቹን በወረቀት ላሳትማቸው እንዴ?» አለችኝ።

ተቆጣሁ። «እኔ እያለሁ? አዳራሹ የኔ፣ መሣሪያው የኔ፣ ምን ያደርግልሻል ወረቀት?»

«ለማንኛውም ላፕቶፔን እይዛለሁ።»

«ያዢው፣ ከቦርሳሽ ግን እንዳታወጪው። ታሳፍሪኛለሽ።»

እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን እንድታየኝ ፈልጌ ነበር። ስንት ዓመት ማታ ማታ ስለ ማይክና ስለ ኬብል ስነጫነጭ ሰምታኛለች፤ ስሠራ ግን አይታኝ አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ «ለካ የኔ ባል ይሄን ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ነው» ብትል ብዬ ነው። ከተማሪዎች ማደሪያ ብርድ ልብስ ለምኜ መስኮቶቹን በሙሉ ጋረድኩ። አዳራሹ ሲኒማ ቤት መሰለ።

ሁለቱ ፈታኞች ከግቢያችን ናቸው፤ የውጭ ፈታኙ ዶክተር ግን ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ገና ከመቀመጡ የከሰዓቱን አውሮፕላን እንደሚይዝ ተናገረ። ከምሳ በፊት ካልተጠናቀቀ ለከርሞ ክረምት ማለት ነው። የሰዓዳ የሥራ ባልደረቦች ከጎባ በሚኒባስ መጥተው የፊተኛውን ወንበር ሞልተውታል። ኦቦ አማን ማይኩን ደበደቡት፣ እፍ አሉበት፣ «ይሰማል?» አሉ። እኔ ጥርሴን ነክሼ የአዳራሹን ኮምፒዩተርና ፕሮጀክተሩን አበራሁ።

ግድግዳው ላይ የጥናቱ ርዕስ ወጣ። በርዕሱ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ጥቁር መስመር ወረደበት። መሃሉ ላይ፣ ልክ ስሟ በተጻፈበት ቦታ፣ ትልቅ አበባ አለ።

ሸምሱ ሳልነግረው አበባውን በይዶበታል። እኔም ከታች ወደ ላይ አይቼው ጌጥ መሰለኝና አለፍኩት። «ዲዛይኑ ያምራል» አለች ከፊት የተቀመጠች አንዲት መምህርት ለጎረቤቷ። ዶክተሩ መነፅሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አውልቆ ጠረገ።

ሰዓዳ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አየችና ቀጠለች። «ይህ ጤነኛው ቅጠል ነው» አለች።

«መስመር ይታየኛል» አለ ዶክተሩ።

«መስመሩ የቅጠሉ አይደለም፣ የፕሮጀክተሩ ነው።»

«እሺ። እስቲ የታመመውን ያሳዩኝ።»

የታመመው ታየ። እሱም ከላይ እስከ ታች መስመር ነው።

«ይህስ የማን ነው?»

«ይህ የበሽታው ነው።»

«ሁሉም?»

ሰዓዳ ግድግዳው ዘንድ ሄዳ በጣቷ መለየት ጀመረች። «ይሄ የበሽታው ነው። ይሄ የፕሮጀክተሩ። ይሄ የበሽታው። ይሄኛው… ይሄኛውም የፕሮጀክተሩ ነው።»

«አበባውስ?» አለ ዶክተሩ። ቀልድ አልነበረም፤ ሰውዬው የምር ጠየቀ። «የስንዴ አበባ እንዲህ አይመስለኝም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ የባሌ መሬት ግን ጠንካራ ነው። ሚስቴ የለፋችው ጤነኛውንና በሽተኛውን ለመለየት ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁሉንም አሳመምኩላት። ዶክተሩ ሰዓቱን አየና «በዚህ ሁኔታ መገምገም ይከብዳል፤ ለከርሞ ብናደርገው…» ሲል ደሜ ፈላ።

«አሁን አስተካክለዋለሁ። ማንም ምንም እንዳይነካ» ብዬ ጮህኩ። ለሸምሱ ደወልኩ። ጠረጴዛ ጎትቼ፣ በላዩ ጠረጴዛ ደርቤ፣ በወንበር ተንጠላጥዬ ጣሪያው ደረስኩ። ብረቱን ያዝኩና በሁለት እጄ ነቀነቅሁት። ሸምሱ ሥራውን ያውቃል፤ ብረቱ ንቅንቅ አላለም፣ የተነቃነቀው ጠረጴዛው ነው። በመጥረጊያ እንጨት ፕሮጀክተሩን ወደ ጎን ልገፋው ሞከርኩ፤ አበባው ከቅጠሉ መሃል ተነስቶ ጥግ ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲው አርማ ላይ ዐረፈ።

ኦቦ አማን ከታች ጠረጴዛውን ደግፈው ይዘዋል። «መዝጊያውን አትከፍተውም እንዴ?»

«መዝጊያ የለውም።»

«እንዴት መዝጊያ የለውም?»

«እርስዎ እንዳይወስዱት ነዋ!» አልኩ። አንዴ ከወጣ በኋላ አልቆም አለኝ። «ለእህትዎ ልጅ፣ ለአጎትዎ ልጅ፣ ለጎረቤትዎ ልጅ ሠርግ። ሠርግ ሲያልቅ ለኳስ። ፈንዲሻ የምለቅመው እኔ፣ ጉንዳን የማራግፈው እኔ። በስሜ የተመዘገበ ንብረት ከኔ በላይ ሠርግ በልቷል።»

የአዳራሹ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ አቀና። እኔ ከጣሪያው ሥር፣ አለቃዬ ከእግሬ ሥር። ኦቦ አማን አልተቆጡም። ጠረጴዛውንም አልለቀቁም። «አንተ ልጅ» አሉኝ በቀስታ፣ «አንድ ቀን እምቢ ብትለኝ እኮ እተወው ነበር። እኔ ሁልጊዜ ስትስቅ ነው ያየሁህ።»

ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ለንዴቱ ምክንያት አጥቶ ጣሪያ ላይ ሲቀር ምን ይላል? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሸምሱ ብረት መቁረጫ ማሽኑን ታቅፎ በባጃጅ ደረሰ። የሠራውን ለማፍረስ መጠራቱ ከብዶታል። «ምን አጎደልኩ?» አለኝ ቅር ብሎት።

«አበባውን ማን አርግ አለህ?»

«አበባማ በነፃ ነው። ላንተ ብዬ።»

ማሽኑን ሶኬት ላይ ሰካው፤ ነካው፤ ጩኸቱ ተነሳ፤ እሳት ፈነጠቀ፤ ወዲያው ብሬከሩ ወርዶ ፕሮጀክተሩም ማሽኑም ማይኩም አንድ ላይ ጠፉ። በብርድ ልብስ በተጋረደው አዳራሽ ውስጥ ጨለማ ሆነ። አንዲት መምህርት «ያ ረቢ» አለች። እኔ ከላይ ሆኜ «ማንም ምንም እንዳይነካ» ማለቴን ቀጠልኩ፤ የሚነካ ነገርም የሚታይ ነገርም አልነበረም።

ሰዎቹ ብርድ ልብሱን ከመስኮት አወረዱት። ሸምሱ ብሬከሩን ፍለጋ ወጣ፤ ከመውጣቱ በፊት ሰጌቶ አቀበለኝ፤ ብረት በእጅ የሚቆረጥበት መጋዝ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔም ሰጌቶዬን ይዤ መገዝገዝ ጀመርኩ። ክርርር፣ ክርርር። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ስንት ጊዜ እንደገዘገዝኩ አላውቅም፤ አንዱ ብረት ገና ግማሽ ነው።

«ወንድሜ» አለ አንድ ድምፅ ከታች፣ «እባክህ ድምፁን አቁምልን።»

ዕድሜ ልኬን ድምፅ እንዲሰማ የለፋሁ ሰው፣ ድምፅ አጥፋ ተባልኩ። ቁልቁል አየሁ። ሰዓዳ ላፕቶፗን ከቦርሳ አውጥታ ፈታኞቹ ፊት አስቀምጣዋለች። ኦቦ አማን እኔ የወጣሁበትን ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። አምስት ራሶች አንዲት ትንሽ ስክሪን ላይ ተደፍተዋል። ባትሪው ይሠራል። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። መስመር የለ፣ አበባ የለ።

በሹክሹክታ «ማነው ሰውዬው?» አለ ዶክተሩ።

«ባለቤቴ ነው» አለች ሰዓዳ፣ ቀና ሳትል። «ወደሚቀጥለው ልለፍ?»

ልወርድ ፈለግሁ፤ መውረጃ የለኝም። ወንበሩን ኦቦ አማን ተቀምጠውበታል፤ ብዘል ጠረጴዛው እላያቸው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ሰጌቶዬን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ አንገቴን ከጣሪያው ሥር ቀብሬ፣ ቁጭ አልኩ። እሷ ትናገራለች፣ እነሱ ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች። ማይክ የላትም፤ ግን ጣሪያው ሥር ያለሁት እኔ እንኳ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ።

ሲያበቃ እንደ ደንቡ ፈታኞቹ እንዲመካከሩ ሁሉም ሰው እንዲወጣ ተባለ። ሰዓዳ ወጣች፣ መምህራኑ ወጡ፣ ኦቦ አማን ወጡ። እኔን ማንም አላስታወሰኝም። ላስነጥስ ነበር፤ አፍንጫዬን ጨመቅሁ። ካስነጠስኩ ምስጢር አውጥቷል ተብሎ ውጤቷ ይሰረዝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሐጢአቴ ቢበዛብኝ ነው፤ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ የሚስቱን ፈተና የሰማ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከግቢያችን ያሉት ሁለቱ ፈታኞች አመሰገኑ፤ አንዳንድ ነገር ታስተካክል አሉ። ዶክተሩ ያቺን ትንሽ ስክሪን ወደ ራሱ ሳባት። ከዚያ እንዲህ አለ።

«እኔ ብሆን ይሄን ቅጠል ጤነኛ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ይሄን ያህል ዘመን አስተምሬም አልፈው ነበር። እሷ አላለፈችውም። ትለፍ።»

ወጡ። በሩ ገርበብ እንዳለ ውጪ ሲነግሯት ሰማሁ፤ እልልታው ተነሳ፤ የጎባ መምህራን ግቢውን ቀወጡት። ብሬከሩን ሸምሱ መልሶት ኖሮ ፕሮጀክተሩ በራሱ ጊዜ ተነሳና ባዶው ግድግዳ ላይ መስመሮቹንና አበባውን ደረደረልኝ። እኔ አሁንም ላይ ነኝ። በንዴት ነው መሰለኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሰዓዳ ብቻዋን ገባች፤ ኦቦ አማን ተቀምጠውበት የነበረውን ወንበር አንስታ ከጠረጴዛው ሥር አስደገፈችው።

«ውረድ» አለችኝ።

«ሰዓዳ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም ብለህ ውረድ። ትወድቃለህ።»

እግሬን ዘርግቼ ወንበሩን ፈለግሁ፤ እሷ እግሬን ይዛ ቦታው ላይ አሳረፈችልኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አላትና ያዝ አደረገችኝ።

«ቆይ፣ ሲመካከሩ እዚህ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ሰማህ?»

«ሁሉንም።»

«ለኔ ‹አልፈሻል፣ እንኳን ደስ ያለሽ› ብቻ ነው ያሉኝ። ምን አሉ?»

ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ፣ ጣሪያውና መሬቱ መሃል፣ ዶክተሩ ያለውን ቃል በቃል ነገርኳት። እሱ ቢሆን ቅጠሉን ያልፈው እንደነበር፣ እሷ ግን እንዳላለፈችው። ወንበሩን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።

«ደግመህ ንገረኝ» አለች።

ደገምኩላት።